ሊቲየም ወይስ የአሲድ ባትሪ? የቤት ባትሪ ዋጋ በመግዣ ደረሰኙ ብቻ አይለካም

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአገሪቱ ኃይል የማመንጨት አቅም በእጅጉ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና የመነጨውን ኃይል እያንዳንዱ ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ አገልግሎት አላገኘም። መስመር የደረሰው ነዋሪም ቢሆን በመስመርና በትራንስፎርመር ብልሽት ምክንያት በጨለማ የሚያመሽባቸው ቀናት አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶ የሚሆነው ተጠቃሚ በዋናው መስመር፣ ቀሪው 35 በመቶ ደግሞ ከመስመር ውጪ ባሉ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል እንዲገለገል ያቀደው ይህንኑ እውነታ መነሻ አድርጎ ነበር።

ከመስመር ውጪ ለሚኖረው አርሶ አደርም ሆነ መብራት ሲጠፋ ሥራው ለሚስተጓጎልበት የከተማ ነዋሪ የፀሐይ ፓነል ብቻውን በቂ አይደለም። ፓነሉ ቀን ይሠራል፤ መብራት የሚፈለገው ግን ማታ ነው። በመካከላቸው ያለው ባትሪ ከጠቅላላው መሣሪያ ቀድሞ የሚያረጀውና በተደጋጋሚ ወጪ የሚጠይቀው ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት ዜጎች በሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆመው የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል፤ ርካሹን የአሲድ ባትሪ መግዛት ይሻላል ወይስ ውዱን ሊቲየም?

ጥያቄው ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ያህል አከራካሪ አልነበረም። የሊቲየም ባትሪ ጥቅል አማካይ የዓለም ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ብሉምበርግ ኤን.ኢ.ኤፍ. የተባለው የገበያ ጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ዓመታዊ መረጃ ግን ዋጋው ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ይህ የፋብሪካ ገበያ ዋጋ በመሆኑ መጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ተጨምሮበት የአገር ውስጥ ሸማች የሚከፍለው ከዚህ ይበልጣል። ሆኖም የቁልቁለቱ አቅጣጫ ለሁሉም ደርሷል። በሌላ በኩል የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ዋጋው ጨምሯል። ይህ ለውጥ የሚነካው ዛሬ የሚገዛውን ባትሪ ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ በምትኩ የሚገዛውንም ይነካል፤ ብዙ ቤተሰብ ሲያሰላ የሚረሳውም ይህን ሁለተኛውን ግዢ ነው።

የአሲድ ባትሪ የሚባለው ጋስተን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ባትሪ ዝርያ ነው። በውስጡ የእርሳስ ፕሌቶች በተበረዘ የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይገኛሉ። በገበያ «ድራይ» ወይም «ጄል» እየተባለ የሚሸጠውም አሲዱ እንዳይፈስ ተደርጎ የታሸገ ከመሆኑ በቀር ያው የእርሳስ ባትሪ ነው። ለቤት አገልግሎት የሚመከረው የሊቲየም ዓይነት ደግሞ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይባላል። የዚህ ባትሪ መሠረት የሆነው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ በሆኑት በጆን ጉድኢናፍ የምርምር ቡድን ለባትሪ የዋለ ነው። በእጅ ስልክና በላፕቶፕ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ይልቅ ሙቀትን ይቋቋማል፤ ኮባልትና ኒኬልም የለበትም።

አንድ መቶ አምፒር ከአንድ መቶ አምፒር ጋር ሲወዳደር

በሱቅ የሚፈጸመው ትልቁ የስሌት ስሕተት የሚጀምረው ሁለቱን ባትሪዎች በላያቸው በተጻፈው የአምፒር ሰዓት ቁጥር ከማወዳደር ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በስሙ 1,200 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ነገር ግን በየዕለቱ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ከተደረገ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ለሚጠቀም ቤተሰብ የሚያገለግለው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባለ 12.8 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 640 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን 80 በመቶውን፣ ማለትም 512 ዋት ሰዓቱን ያለ ሥጋት ይሰጣል። በቁጥሩ ግማሽ የሆነው ባትሪ በሥራ እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አንድ መካከለኛ ቤተሰብ በምሽት ምን ያህል ይጠቀማል? እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 140 ዋት ሰዓት፣ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢከፈት 200 ዋት ሰዓት፣ ሦስት ስልኮች ቻርጅ ቢደረጉና አንድ ራዲዮ ቢከፈት 60 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ፤ ድምሩ 400 ዋት ሰዓት ነው። ለዚህ ቤት 100 አምፒር የአሲድ ባትሪም፣ 50 አምፒር ሊቲየምም ይበቃል። ስለዚህ ሊወዳደር የሚገባው የእነዚህ የሁለቱ ዋጋ ነው። ነጋዴው 100 አምፒር ሊቲየም አቅርቦ «ይህን ያህል ይወደዳል» ሲል ገዢው የማያስፈልገውን መጠን ጭምር እያነጻጸረ ነው።

ቀጥሎ የዕድሜ ነገር ይመጣል። ለፀሐይ ኃይል የተሠራ የአሲድ ባትሪ በዚህ ልክ በየቀኑ ሲሞላና ሲወርድ እንደ ጥራቱና አያያዙ ከ500 እስከ 1,000 ዙር ያገለግላል። በየዕለቱ አንድ ዙር ከተቆጠረ ይህ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር እስከ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ግድም ነው። ጥራቱን የጠበቀ ሊቲየም አይረን ፎስፌት 3,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ከስምንት ዓመት ያላነሰ ማለት ነው። በአማካይ ሁለት ዓመት የሚቆይ የአሲድ ባትሪ የሚጠቀም ቤት በስምንት ዓመት ውስጥ አራት ባትሪ ይገዛል። ከዚህ የሚወጣው መለኪያ ቀላል ነው፤ ለዕለታዊ አገልግሎት የሚውለው 50 አምፒር ሊቲየም ዋጋ ከ100 አምፒር የአሲድ ባትሪ ዋጋ አራት እጥፍ እስካልደረሰ ድረስ በስምንት ዓመት ሒሳብ የሚያዋጣው ሊቲየሙ ነው። የብር የመግዛት አቅም እየቀነሰ ከሄደ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ ሊቲየሙ ያጋድላል፤ የአሲዱ ተተኪዎች የሚገዙት በወደፊቱ ዋጋ ነውና።

በሒሳቡ ውስጥ የማይታይ ሌላ ልዩነትም አለ። የአሲድ ባትሪ ከተሰጠው ኃይል የሚመልሰው 80 በመቶ ገደማውን ሲሆን ሊቲየም 95 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ከላይ የተጠቀሰውን 400 ዋት ሰዓት ለማግኘት በአንደኛው 500፣ በሌላው 420 ዋት ሰዓት ገደማ መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ አነስ ያለ ፓነል ሊበቃ ይችላል።

ክረምቱ፣ ቆላውና ውርጩ

ወረቀት ላይ ያለው የዙር ቁጥር በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ ውስጥ እንዳለ አይቆይም። የአሲድ ባትሪን በአብዛኛው ቀድሞ የሚገድለው የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ በቆየ ቁጥር በፕሌቶቹ ላይ የሰልፌት ክምችት ይጋገራል፤ ክምችቱ ከጠጠረ በኋላ በቻርጅ አይመለስም። በክረምት ፓነሉ ከወትሮው ያነሰ ያመነጫል፤ ቤተሰቡ ግን ምሽቱ ጨለማ ነውና እንደ ወትሮው ያበራል። ባትሪው ለሳምንታት ግማሽ ጎዶሎ ሆኖ ይከርማል። በመስከረም ፀሐይ ስትመለስ ባለቤቱ «ሞልቷል» የሚል ምልክት ያያል፤ ሆኖም መብራቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳያልፍ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በፓነሉ ወይም በገጠመው ባለሙያ ላይ ይለጠፋል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት በከፊል ሞልቶ መቆየት አይጎዳውም። እንዲያውም ሁልጊዜ ጢም ብሎ ከመሙላት ይልቅ በመካከለኛ መጠን መቀመጥ ይስማማዋል። ከዙሩ ቁጥር ይልቅ ይህ ጠባዩ ለደጋው አርሶ አደር ትልቅ ቁም ነገር ነው። የአሲድ ባትሪ የሚጠቀም ቤተሰብ በበኩሉ በክረምት ቴሌቪዥኑን ቀንሶ ባትሪው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ቢያደርግ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

በአፋር፣ በጋምቤላና በሶማሌ ቆላማ አካባቢዎች ችግሩ ሙቀት ነው። የአሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር 35 ዲግሪ ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ አራት ዓመት ይሠራል ቢባል እንኳ በሁለት ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። ሊቲየምም ሙቀት አይወድም፤ ጉዳቱ ግን ዝግ ያለ ነው። ሊቲየም የሚሸነፈው በብርድ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ቢደረግ በውስጡ የማይጠገን ጉዳት ይደርስበታል። በደብረ ብርሃን፣ በባሌና በሰሜን ተራሮች አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ባትሪውን ከቤት ውጪ በሣጥን ማስቀመጥ ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ግን በአብዛኛው ይበቃዋል።

የአሲድ ባትሪ አሁንም የሚያዋጣበት ቦታ አለ። መብራት በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ በሚጠፋበት የከተማ ቤት ባትሪው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ ይጠብቃል፤ በዓመት የሚቆጥረው ዙር ሃያና ሠላሳ ቢሆን ነው። እንዲህ ላለ ቤት የ3,000 ዙር ዕድሜ መግዛት የማይበላ እህል ማከማቸት ነው። ሞልቶ መቆየት ደግሞ ለአሲድ ባትሪ የሚስማማ ኑሮ በመሆኑ በጥሩ አያያዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። ሆኖም በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን 100 አምፒር የአሲድ ባትሪ በደረጃ ተሸክሞ ማውጣትንም ማሰብ አለበት፤ ተመጣጣኙ 50 አምፒር ሊቲየም ሰባት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

የመኪና ባትሪ ግን በየትኛውም ሚዛን አያዋጣም። የመኪና ባትሪ ፕሌቶቹ ስስ ሆነው የተሠሩት ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንዶች ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። በየምሽቱ ቀስ በቀስ እየወረደ እንዲያመሽ ሲደረግ በወራት ውስጥ ያልቃል። በየከተማው ጋራዥ አሮጌ የመኪና ባትሪ ለሶላር እየተባለ መሸጡ ገዢውን ሁለት ጊዜ ያከስራል።

ስለ እንጀራ ምጣድም ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። ከላይ በምሳሌነት የቀረበው ባትሪ፣ ሊቲየምም ሆነ አሲድ፣ እንዲህ ያለውን ጭነት ለመሸከም አልተሠራም፤ ቢሞከር እንኳ ያለውን ሁሉ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ባትሪ ተገዝቶ ምጣድ ይሠራል ብሎ ለሚያግባባ ሻጭ ጆሮ መስጠት አይገባም።

ከባትሪው ጋር የሚመጣው አደጋ

ሊቲየም የሚለው ስም ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት እሳት ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁንና አይረን ፎስፌት ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ ከቁጥጥር ውጪ ወደሆነ ግለት የሚገባው በከፍተኛ ሙቀት ነው። ዋነኛው መከላከያ በባትሪው ውስጥ ያለው የባትሪ አስተዳደር ሥርዓት ነው። ይህ አነስተኛ ሰርኪዩት እያንዳንዱን ሴል እየተከታተለ ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ሲወርድ ወይም ሲግል ባትሪውን ያቋርጠዋል። ይህ ሥርዓት የሌለው ወይም ደካማ የሆነ ባትሪ በርካሽ ቢገኝም መገዛት የለበትም። አይ.ኢ.ሲ. 62619 የተባለውን ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳይ የፍተሻ ሰነድ መጠየቅ የገዢ መብት ነው፤ ሰነድ የሌለው ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የአሲዱም ባትሪ ከአደጋ ነጻ አይደለም። በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ በአየር ውስጥ ያለው የዚህ ጋዝ መጠን 4 በመቶ ሲደርስ ከእሳት ፍንጣሪ ጋር ይፈነዳል። አልጋ ሥር፣ ከሰል በሚነድበት ማድቤት ወይም መስኮት በሌለው ጓዳ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ክዳኑ የሚከፈተው ዓይነት ውሃው ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ መሆን የለበትም።

ብዙ ኪሳራ የሚደርሰው ከአሲድ ወደ ሊቲየም በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። የድሮው ቻርጅ ኮንትሮለር ወይም ኢንቨርተር ለአሲድ ባትሪ ተብሎ የተሞላ ስለሆነ ፕሌቶችን ለማጽዳት አልፎ አልፎ ቮልቴጁን ከ15 በላይ ያደርሳል። ባለ 12.8 ቮልት ሊቲየም ግን ከ14.6 ቮልት ማለፍ የለበትም። ማስተካከያ የሌለው ኮንትሮለር ከሆነ እርሱም መለወጥ ስላለበት ወጪው ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል። አሮጌውን የአሲድ ባትሪና አዲሱን ሊቲየም በአንድ ላይ ማያያዝ ደግሞ ሁለቱንም መጉዳት ነው። ሥራውን የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል።

ባትሪው ሲሞት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የገዢው የኪስ ጉዳይ ነው። የሞተ ባትሪ ግን ከገዢው ቤት ወጥቶ ሌላ ሰው ሰፈር ይደርሳል። ከአሲድ ባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ በመሆኑ አሮጌው ባትሪ ዋጋ አለው። ቁራሌው በር ላይ ቆሞ በጥሬ ገንዘብ ይገዛዋል፤ ይህ ገንዘብ በሐቅ ከተቆጠረ ለአሲዱ ባትሪ የሚታሰብለት ጥቅም ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ባትሪው በተገቢው ፋብሪካ ከተበተነ እርሳሱ ደጋግሞ ወደ ሥራ የሚመለስ ንብረት ነው። በግቢ ውስጥ በመጥረቢያ ተሰብሮ፣ አሲዱ መሬት ላይ ፈስሶ፣ እርሳሱ በክፍት እሳት ሲቀልጥ ግን ብናኙ በአፈሩ፣ በልብስና በሕፃናት እጅ ላይ ይቀራል።

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር የሆነው ለዚህ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ያገለገሉ ባትሪዎች በሚፈቱበት ሰፈር 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ጤና ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። ሞት ባይደርስ እንኳ በሕፃናት አእምሮ ዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። በአገራችን ያገለገሉ ባትሪዎች አያያዝ በአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የሚታይ ጉዳይ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ አራት የአሲድ ባትሪ የሚጥል ቤት ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ እርሳስ ወደዚህ ሰንሰለት ያስገባል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት በውስጡ እርሳስ የለውም። ሆኖም ኮባልትና ኒኬል ስለሌለበት ቁርጥራጩ ብዙ ዋጋ አያወጣም፤ ቁራሌው አይፈልገውም፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ የመጣል ዕድሉ ሰፊ ነው። የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ሊቲየም ከሌላ ቆሻሻ ጋር መቀላቀል እሳት ይጋብዛል። ሁለቱንም ዓይነት ሲገዙ ሻጩ አሮጌውን መልሶ የሚቀበል መሆኑን በጽሑፍ ማስፈር አሁን ካሉት መፍትሔዎች ሁሉ የሚቀርበው ነው።

ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ርካሹን የሚገዛው ሒሳቡ ጠፍቶት አይደለም። በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለፀሐይ ኃይል መሣሪያ አቅራቢዎችና ለአነስተኛ ብድር ተቋማት የቀረበው የብድር መስመር የታሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ብድር የሚወስድ ቤተሰብ ሊያስተውለው የሚገባው የመክፈያው ዘመን ከባትሪው ዋስትና መብለጥ እንደሌለበት ነው። የሦስት ዓመት ብድር ወስዶ ዋስትናው አንድ ዓመት የሆነ ባትሪ የገዛ ሰው ቀሪውን ሁለት ዓመት ለማይበራ አምፖል ሊከፍል ይችላል። ዋስትናው በዓመት ብቻ ሳይሆን በዙር ቁጥርና በቀሪ አቅም መቶኛ የተገለጸ፣ የመለያ ቁጥሩም በደረሰኙ ላይ የሰፈረ ቢሆን ለክርክር በር አይከፍትም።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ከእነርሱ የሚወጡ ያገለገሉ የሊቲየም ሴሎች ለቤት በርካሽ መቅረባቸው የሚጠበቅ ነው። አቅማቸው ተፈትሾ፣ በአዲስ የአስተዳደር ሥርዓት የታሸጉ ከሆነ ለዓመታት ሊያገለግሉ ይችላሉ። በጋራዥ ተፈትተው በፕላስተር የተያያዙት ግን ምን ያህል ዙር እንደቀራቸው ሻጩም አያውቅም፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ሊገቡ አይገባም።